ክዳኑ የሚከፈት ሳጥን

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

አንድ ወጣት የመጀመሪያውን የጌም ኮምፒውተር በራሱ እጅ ሊገጣጥም ተነስቷል እንበል። ጠረጴዛውን ያጸዳል። ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ኬዙን ከየካርቶናቸው አውጥቶ ይደረድራል። አንድ ካቻቢቴ ያነሳል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ፋኑ መሽከርከር ይጀምራል፣ ስክሪኑም ይበራል።

ለዚህ ወጣት ከባዱ ነገር መግጠሙ ሳይሆን መምረጡ ነበር። ገንዘቡ ውሱን ነው። የትኛው ፕሮሰሰር? የትኛው ካርድ? ራሙ ስንት ይሁን? ሳምንታት በዚህ ጥያቄ ያልፋሉ። በዚህ ሁሉ መሃል ግን አንድ ጥያቄ አይመጣለትም፤ መምረጥ እንዴት ተቻለ?

ጉዳዩ ቆም ብሎ ላየው የሚያስገርም ነው። የቶዮታ ሞተር ገዝቶ፣ በፎርድ ቻሲስ ላይ ጭኖ፣ የኒሳን ማርሽ ጨምሮ በአንድ ከሰዓት መኪና የሚሠራ ሰው የለም። በኪሱ ላለው ስልክ ፕሮሰሰር የሚመርጥም የለም። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የአሜሪካ፣ የኮሪያና የታይዋን ኩባንያዎች ዕቃዎች፣ አንዳንዶቹም ገበያ ላይ የሚፎካከሩ ኩባንያዎች የሠሯቸው፣ እርስ በርስ ይገጥማሉ።

ይህን ማንም አስቦ አልሰጠም። ይልቁንም በተደጋጋሚ ሊነጥቁት የሞከሩ ነበሩ። ታሪኩን ማወቅ ደግሞ ለጨዋታ ያህል አይደለም፤ ዛሬ ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ለሚገባው ወጣት የትኛውን ዕቃ ለምን እንደሚመርጥ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር የበለጠ ይነግረዋል።

▪️ ስምንት ቀዳዳ ወይስ ሁለት?

በጃንዋሪ 1975 "ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ" የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አልቴር 8800 የሚባል ሳጥን ይዞ ወጣ። ዋጋው 400 ዶላር ገደማ ሲሆን የሚመጣውም ተበታትኖ ነው። ገዢው ራሱ በብየዳ ይገጣጥመዋል። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ፊቱ ላይ ያሉት መቀያየሪያዎችና መብራቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም ውስጡ ካርድ የሚሰካበት መደዳ ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ከአልቴር ሠሪዎች ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ለዚያ መደዳ የሚሆን የማስታወሻ ካርድ እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። "የሌላ ኩባንያ ዕቃ" የሚባለው ነገር በግል ኮምፒውተር ዓለም ውስጥ እንዲህ ተወለደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አፕል 2 ሲሠራ ሁለቱ ስቲቮች ተከራከሩ። ስቲቭ ጆብስ ለማተሚያና ለሞደም የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይበቃሉ አለ። ስቲቭ ወዝኒያክ ደግሞ ስምንት ካልሆነ አለ። ሰዎች በኋላ ምን ሊሰኩበት እንደሚፈልጉ ማን ያውቃል? ወዝኒያክ አሸነፈ። አፕል 2 በ1977 ስምንት ቀዳዳዎችን ይዞ ወጣ፣ ለረጅም ዓመታትም ተሸጠ።

በ1984 የመጣው ማኪንቶሽ ግን የጆብስን መንገድ የያዘ ነበር። ካርድ መሰኪያ አልነበረውም። ሳጥኑን ለመክፈትም በየቤቱ የማይገኝ ልዩ መፍቻ ይጠይቅ ነበር። ሁለቱ መንገዶች ያን ጊዜ ተለዩ፤ አንደኛው "ሠሪው ያውቅልሃል" የሚል፣ ሁለተኛው "ክዳኑን ክፈትና እንደፈለግህ አድርግ" የሚል።

▪️ የተቻኮለው ግዙፍ

የሁለተኛው መንገድ ባለውለታ የሆነው፣ ሳያስበው፣ አይቢኤም ነው።

አይቢኤም በዚያን ዘመን የኮምፒውተር ዓለም ንጉሥ ነበር። ትላልቅ ማሽኖቹን ራሱ ይነድፋል፣ ራሱ ያመርታል፣ ራሱ ይጠግናል። በ1980 ግን ትናንሾቹ ኮምፒውተሮች ገበያውን እየወሰዱት መሆኑን ተረዳ። በፍሎሪዳ ግዛት ቦካ ራቶን በምትባል ከተማ አንድ አነስተኛ ቡድን ተቋቋመ፤ የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ነበር። ቡድኑን ዶን ኤስትሪጅ መራው።

በአንድ ዓመት ሁሉንም ከባዶ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ቡድኑ በአይቢኤም ቤት ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ ገበያ ወጣ። ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ዲስክ ማንበቢያውን ከታንደን፣ ማተሚያውን ከኤፕሰን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ማይክሮሶፍት ከምትባል ትንሽ ድርጅት ወሰደ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ሥርዓቱን ለሌሎችም የመሸጥ መብቷን በእጇ አስቀረች። የአይቢኤም መሐንዲሶች ሌሎች ኩባንያዎች ካርድ እንዲሠሩላቸው ስለፈለጉ የማሽኑን የሰርኪዩት ንድፍ የያዘ የቴክኒክ መጽሐፍ አሳትመው ሸጡ።

ኦገስት 12 ቀን 1981 አይቢኤም ፒሲ ይፋ ሆነ። መነሻ ዋጋው 1,565 ዶላር፣ ማስታወሻው 16 ኪሎባይት፣ የካርድ መሰኪያው 5 ነበር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አይቢኤም እየሮጠ በሠራው ማሽን ውስጥ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ሌላ ሰው እንዳይኮርጀው የሚከለክል ነገር ቢኖር አንድ ነበር፤ ባዮስ። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኘው አነስተኛ ፕሮግራም ነው። እሱም ቢሆን ጽሑፉ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። ይሁንና የቅጂ መብት ነበረው፤ ማንበብ ይቻላል፣ መገልበጥ ግን ወንጀል ነው።

▪️ ወጡን ያልቀመሰው ወጥ ሠሪ

በ1982 መጀመሪያ ላይ ሮድ ካንየን፣ ጂም ሃሪስና ቢል ሙርቶ የተባሉ ሦስት የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሠራተኞች ሥራቸውን ለቀው ሂውስተን ውስጥ ኮምፓክን መሠረቱ። ሐሳባቸው ለአይቢኤም የተሠራን ፕሮግራም ሁሉ ሳይቀየር የሚያንቀሳቅስ፣ ተሸክመውት የሚሄዱት ኮምፒውተር መሥራት ነበር። ለዚህ ባዮሱ ያስፈልጋል። ባዮሱን ቢገለብጡ አይቢኤም ፍርድ ቤት ይጎትታቸዋል።

መፍትሔያቸው ብልሃት ነበረው። መሐንዲሶቹን ለሁለት ከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን የአይቢኤምን ባዮስ አንብቦ "ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ይህን ይመልሳል" እያለ ሥራውን ብቻ ይጽፋል፤ የፕሮግራሙን አንድም መስመር አያስተላልፍም። ሁለተኛው ቡድን ደግሞ የአይቢኤምን ጽሑፍ በዓይኑ ያላየ መሆን አለበት። ያንን መግለጫ ብቻ ይዞ አዲስ ባዮስ ከባዶ ይጽፋል። አንድ ሰው ወጥ ቀምሶ ጣዕሙን ሲናገር፣ ሌላው ድስቱን ሳያይ ያንኑ ጣዕም ከራሱ ማጀት አውጥቶ እንደ መሥራት ማለት ነው። ሥራው 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ።

ኮምፓክ ፖርታብል በኖቬምበር 1982 ይፋ ሆነ። "ተንቀሳቃሽ" ይባል እንጂ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ግን ሠራ። ኮምፓክ በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመቱ 53,000 ያህል ማሽኖችን ሸጦ 111 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በ1984 ደግሞ ፊኒክስ የተባለ ድርጅት በተመሳሳይ ዘዴ የሠራውን ባዮስ ለሚከፍል ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማንኛውም ሠሪ፣ ታይዋን ይሁን ቴክሳስ፣ ባዮስ ከፊኒክስ፣ ሥርዓት ከማይክሮሶፍት፣ ፕሮሰሰር ከኢንቴል ገዝቶ "ኮምፓቲብል" ኮምፒውተር ማውጣት ይችል ነበር። ማይክል ዴል የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በዚያው ዓመት በማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተር እያሻሻለ በመሸጥ የጀመረው ንግድ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ይህ ክፍትነት አማርኛም ጋ ደርሷል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞችን የሠሩት ለዚሁ ለአይቢኤም ኮምፓቲብል ቤተሰብ ነበር። ፈቃድ የሚጠየቅ ባለቤት አልነበረም። ርካሽ ኮምፓቲብል የገዛም ሰው ውዱን አይቢኤም የገዛውም ሰው በዚያው ፕሮግራም "ሀ ሁ" መጻፍ ይችል ነበር።

▪️ በሩን ሊዘጋ የሞከረው

አይቢኤም ስህተቱን ሲረዳ ጊዜው አልፎ ነበር። በኤፕሪል 1987 ፒኤስ/2 የተባለ አዲስ ኮምፒውተር አወጣ። ውስጡ ማይክሮ ቻነል የሚባል አዲስ የካርድ መሰኪያ አለው። መሰኪያው ከበፊቱ በብዙ የተሻለ ነበር፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሆኖም የድሮ ካርዶች አይገጥሙበትም። ተመሳሳዩን ማሽን ለመሥራት የፈለገ ኩባንያም ለአይቢኤም የፈቃድ ክፍያ መክፈል ነበረበት።

መልሱ በ1988 መጣ። ኮምፓክን ጨምሮ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተሰብስበው የድሮዎቹን ካርዶች የሚቀበል የራሳቸውን መሰኪያ አወጡ። ገዢውም በመሳቢያው ያለው ካርድ ዋጋ ቢስ እንዲሆንበት አልፈለገም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አይቢኤም ገበያውን መልሶ እጁ አስገባለሁ ሲል የነበረውንም አጣ። በ2005 የግል ኮምፒውተር ንግዱን ለቻይናው ሌኖቮ አስረክቦ ወጣ። ከፒኤስ/2 የቀሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ከነሱ አንዱ በአንዳንድ የዛሬ ማዘርቦርዶች ጀርባ ላይ የሚታየው ክብ የኪቦርድና የማውስ መሰኪያ ነው።

▪️ ዝሆኖቹ ሲጣሉ

ዛሬ ፕሮሰሰር መራጩ "ኢንቴል ወይስ ኤኤምዲ?" ብሎ ይጀምራል። ይህም ጥያቄ የመጣው ከአይቢኤም ጥንቃቄ ነው። አይቢኤም ለአንድ አቅራቢ ብቻ መገዛትን ስላልወደደ ኢንቴል ቺፑን ሌላም እንዲያመርተው እንዲፈቅድ ጠየቀ። በ1982 ኢንቴልና ኤኤምዲ ተፈራረሙ። ኢንቴል በ1985 386ን ሲያወጣ ግን ንድፉን ለኤኤምዲ አላካፈልም አለ። ኤኤምዲ በአንድ በኩል በክርክር፣ በሌላ በኩል በሥራ ገፍቶ በ1991 የራሱን 386 ገበያ ላይ አዋለ። ኢንቴል ቀጣዩን ቺፑን "586" ሳይሆን "ፔንቲየም" ብሎ የሰየመው ቁጥር እንደ ንግድ ምልክት ሊጠበቅለት ስላልቻለ ነው።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ሳሩ ለመለመ። በማርች 2000 ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርትዝ ላይ ኢንቴልን በቀናት ቀደመው። በ2003 ኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰሩን ለተራ ገዢ ሲያቀርብ ኢንቴል በዓመቱ ያንኑ መንገድ ተከተለ።

ኤኤምዲ በተዳከመባቸው ዓመታት የሆነውም ትምህርት ነው። ከ2007 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በኢንቴል ተራ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ያለው የኮር ቁጥር ከአራት አላለፈም። ስምንት ኮር የፈለገ ሰው 1,000 ዶላር አካባቢ ይከፍል ነበር። በማርች 2017 ኤኤምዲ ራይዘንን አመጣ፤ ስምንት ኮር ያለው ራይዘን 7 1700 ዋጋው 329 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኢንቴል ስድስት ኮር ያለው ተራ ፕሮሰሰር አወጣ። አሥር ዓመት ያልተገኘው ነገር ተፎካካሪ ሲመጣ በወራት ተገኘ።

▪️ የማይቃጠል ማዘርቦርድ

እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ኮምፒውተር የገጣጠመ ሰው አንድ ፍርሃት ያውቃል። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱት ሁለት መሰኪያዎች መንታ ስለነበሩ ቦታቸው ከተቀያየረ ቦርዱ ሊቃጠል ይችል ነበር። "ጥቁሮቹ ሽቦዎች ጎን ለጎን ይሁኑ" የሚለው ምክር ከአንዱ ገጣጣሚ ወደ ሌላው በቃል ይተላለፍ ነበር።

በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የሚባለውን ደንብ አወጣ። የማዘርቦርዱን ስፋት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ቦታ፣ የጀርባ መሰኪያዎቹን አቀማመጥ ወሰነ። የኃይል መሰኪያውንም አንድ አደረገውና ተገልብጦ እንዳይገባ ቅርጽ አበጀለት። ደንቡ ለሁሉም ክፍት ነበር። የታይዋን ማዘርቦርድ ሠሪዎች፣ የኬዝ ሠሪዎች፣ የፓወር ሰፕላይ ሠሪዎች ሳይተዋወቁ ለአንድ ልክ መሥራት ቻሉ። ያ ልክ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው።

ገጣጣሚውን ከጥገና ባለሙያ ወደ ተራ ሰው ያወረደው ይህ ነው። ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሁሉ ኮምፒውተር መሥራት ቻለ። ለምን ይሠራል የሚለውን ግን ጌሙ መለሰው።

▪️ ጌሙ ዳኛ ሆነ

ዱም በዲሴምበር 1993 ሲወጣ ልዩ የግራፊክስ ካርድ አልጠየቀም፤ ሥራው በፕሮሰሰሩ ላይ ነበር። በ1996 ኩዌክ መጣ። ኩዌክ ደግሞ ብዙ የነጥብ ቁጥር ስሌት ይፈልጋል። ሳይሪክስ የተባለው ኩባንያ በዚያን ጊዜ የሚሸጠው ፕሮሰሰር ለጽሕፈትና ለቢሮ ሥራ ፈጣንም ርካሽም ነበር፣ በነጥብ ቁጥር ስሌት ግን ደካማ። በወረቀት ላይ ከፔንቲየም የሚወዳደረው ቺፕ በኩዌክ ፊት ተንገዳገደ። "ፈጣን ፕሮሰሰር" ብቻውን ትርጉም የሌለው ቃል መሆኑን፣ ለምን ሥራ ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት፣ ጌመሮች የተማሩት ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ 3ዲኤፍኤክስ የተባለ ኩባንያ ቩዱ የሚባለውን ቺፕ አቀረበ። 4 ሜጋባይት ማስታወሻ የያዘው ካርድ ሥዕል በሦስት አቅጣጫ ከመሳል በስተቀር ሌላ ሥራ አይሠራም። መደበኛውን ካርድ እንኳ አይተካም፤ ከጎኑ ተሰክቶ በአጭር ኬብል ይያያዛል። ነገር ግን ኩዌክን በቩዱ ላይ ያየ ሰው ወደ ቀድሞው መመለስ አልቻለም። አንድ ኩባንያ ከየትም ተነስቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የሰዎችን ኮምፒውተር በአንድ ካርድ ወደ ሌላ ማሽን ለወጠው። ወዝኒያክ ለስምንት ቀዳዳ የተከራከረው ለዚህ ነበር።

የ3ዲኤፍኤክስ አወዳደቅ ግን የአይቢኤምን ታሪክ ይደግማል። ኩባንያው መጀመሪያ ቺፑን ለተለያዩ ካርድ ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። በዲሴምበር 1998 ግን ኤስቲቢ የተባለውን ካርድ ሠሪ እንደሚገዛ አስታወቀ፤ ከዚያም ካርዱን ራሱ ብቻ ሊሠራ ወሰነ። ትናንት ደንበኞቹ የነበሩት ካርድ ሠሪዎች ቺፕ ፍለጋ ወደ ሌላ ሄዱ። በ1993 የተመሠረተው ኤንቪዲያ በሩን ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር። በ1999 ጂፎርስ 256 ወጣ። የ3ዲኤፍኤክስ አዳዲስ ምርቶች መዘግየትም ተጨመረበትና በዲሴምበር 2000 ኤንቪዲያ የተፎካካሪውን ንብረትና ንድፍ ለመግዛት ተስማማ።

▪️ የ149 ዶላሩ ምስጢር

በኦገስት 1998 ኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ዋጋው 149 ዶላር፣ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርትዝ። ገመናው ግን ከትልቁ ወንድሙ ከፔንቲየም 2 እምብዛም የማይለይ ቺፕ መሆኑ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ የባሱን ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ያሳደገ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ያለችግር በ450 ሲሮጥ ያገኘዋል። በዚያ ፍጥነት የሚሸጠው ፔንቲየም 2 ከ600 ዶላር በላይ ነበር።

ዋናው ነገር ኦቨርክሎኪንጉ አይደለም። የዋጋ ተራው የሠሪው እንጂ የዕቃው እውነት እንዳልሆነ መታወቁ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የሚለካው በሌላ ነገር ነው፤ ጌሙ በሴኮንድ ስንት ምስል ያሳያል? ከዚያ ወዲህ ጥሩ መራጭ ካርቶን አያነብም፣ በተግባር የተለካ ውጤት ያነጻጽራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ትምህርትም በዚያው ዘመን መጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተመረቱ ብዙ ማዘርቦርዶችና ፓወር ሰፕላዮች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች እየተነፉና እየፈነዱ ማሽን ገደሉ። ምክንያቱ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ጥራት የጎደለው መሆኑ ነበር። ሳንቲም የሚያወጣ ቁራጭ መቶ ዶላር ያወጣውን ቦርድ ይዞ ሞተ። ማንም የማያየውና ስለ ፍጥነቱ ማንም የማይፎክርበት ፓወር ሰፕላይ ርካሹ የሚገዛበት ቦታ እንዳልሆነ ትውልዱ የተማረው በኪሳራ ነው። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ደግሞ ትምህርቱ እጥፍ ነው።

▪️ መራጩ ሲገፋ

እስካሁን በሩን ለመዝጋት የሞከሩት ተሸንፈዋል። የቅርቡ አደጋ ግን የተለየ ነው። በሩ ሳይዘጋ ወረፋው ይረዝማል።

በ2017 እና በ2018፣ ኋላም ከ2020 እስከ 2022፣ ግራፊክስ ካርድ ከገበያ ጠፋ። ለጌም ተብሎ የተሠራው ካርድ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ይውል ስለነበር ማዕድን አውጪ የሚባሉት በጅምላ ይገዙት ነበር። የወረርሽኙ ዘመን የቺፕ እጥረትም ታከለበት። በሴፕቴምበር 2020 በ699 ዶላር የወጣው አርቲኤክስ 3080 በድጋሚ ሻጮች እጅ ከእጥፍ በላይ ተሸጠ። የመጀመሪያ ኮምፒውተሩን ሊሠራ ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ኬዙን፣ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ገዝቶ ካርዱን ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲቀይር ያ ወረፋ ተበተነ።

ወዲያው ሌላ ተሰለፈ። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ቺፕና ማስታወሻ በሙሉ አቅም ይገዛሉ። የራም ቺፕ በዋናነት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ሦስት ናቸው። በዲሴምበር 2025 ማይክሮን ለተራው ገዢ በክሩሻል ስም የሚሸጠውን የራምና የኤስኤስዲ ንግዱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ክሩሻል በብዙ ሰው የመጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ የነበረ ስም ነው።

በጎን በኩል ደግሞ የማኪንቶሹ መንገድ ተመልሷል። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል። ለዚህ የሚቀርበው ምክንያት ውሸት አይደለም፤ ዕቃዎቹ ሲቀራረቡ ፍጥነት ይጨምራል፣ ባትሪ ይቆጠባል፣ ማሽኑ ይሳሳል። ማይክሮ ቻነልም የተሻለ ነበር። ጥያቄው ግን ያው የ1987 ጥያቄ ነው፤ የተሻለው ነገር የሚመጣው የነገውን ምርጫ አሳልፎ በመስጠት ከሆነ ዋጋው ስንት ነው?

▪️ ታሪኩ ለመራጩ የሚለው

ወደ ወጣቱና ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ፣ ይህ ሁሉ ታሪክ ለኪሱ የሚለው ነገር አለ።

ኩዌክና ሳይሪክስ የሚሉት፣ ከዕቃው በፊት ጌሙን ምረጥ ነው። ምን ይጫወታል? በምን ዓይነት ስክሪን? ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ ይመረጣል፣ የገንዘቡም ትልቁ ድርሻ እዚያ ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ ካርዱን የማያስጠብቅ ይሁን እንጂ ከዚያ በላይ የወጣበት ገንዘብ በስክሪኑ ላይ ብዙም አይታይም።

ሴሌሮን የሚለው፣ ውዱ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም ነው። የአንድ ትውልድ ቀዳሚ ካርድ፣ ያገለገለም ቢሆን ተሞክሮ ከተገዛ፣ አዲስ ካርቶን ያሸነፈበት ጊዜ ብዙ ነው።

የተነፉት ካፓሲተሮች የሚሉት፣ በፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥብ ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይና ጥሩ ኬዝ ሁለትና ሦስት ፕሮሰሰር ይቀብራሉ።

ኮምፓክና ማይክሮ ቻነል የሚሉት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ዛሬ የምትገዛው ዕቃ የነገውን ምርጫ አይዝጋብህ። ኤኤምዲ በ2016 ያወጣው ኤኤም4 ሶኬት ለብዙ ዓመታት አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ተቀብሏል። በ2017 ርካሽ ራይዘን የገዛ ሰው፣ የማዘርቦርዱ ሠሪ የባዮስ ማሻሻያ እስካወጣለት ድረስ፣ ቦርዱን ሳይቀይር በ2022 እጅግ ፈጣን ፕሮሰሰር መሰካት ችሏል። ሁለት የራም ቀዳዳ ካለው ቦርድ አራት ያለው፣ ዛሬ ሁሉንም ከመሙላት ለነገ ባዶ መተው፣ ልዩ መሰኪያ ካለው ኬዝ ኤቲኤክስን የሚከተለው፤ ምክንያቱ ሁሉ አንድ ነው።

ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት አይችልም። ክፍት ማሽን ለእንዲህ ያለው ሰው ተሠራ ማለት ይቻላል። ዘንድሮ በደካማ ካርድ ይጀምራል፣ ለከርሞ ካርዱን ሸጦ ሌላ ይጨምራል። የተዘጋ ማሽን ግን አቅሙ በገዢው የመጀመሪያ ቀን ኪስ ልክ ተወስኖ ይቀራል።

ፋብሪካ ያለቀለት ኮምፒውተር የገዛ ሰው አላጠፋም፤ አንዳንዴም ዋጋው ይረክሳል። ሆኖም ያ ዋጋ የሚረክሰው ሻጩ በሌላ በኩል በየዕቃው ሊመርጥ የሚችል ገዢ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። በእጃቸው የሚገጣጥሙት ሰዎች ከጠቅላላው ገዢ ጥቂቶች ቢሆኑም ሁሉም ገዢ የሚጠለለው በእነሱ ጥላ ሥር ነው።

ወጣቱ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ የኬዙን ክዳን ይገጥማል። ክዳኑ የተያዘው በሁለት ብሎን ነው፤ በእጅ የሚፈቱ፣ ልዩ መፍቻ የማይጠይቁ። ኃላፊነቱም መብቱም እዚያው ላይ ነው። ሲፈልግ ይከፍተዋል።